ማንም ያልሞተበት ለቅሶ

ወይዘሮ ካሰች በወረታ ገበያ ሃያ ዓመት ሩዝ ስትነግድ የሰውን አፍ ችላ ኖራለች። አልቻል ያላት የራሷ አፍ ነው። ለዚህም ነው የወንድሟ ልጅ ዓለምነው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከጎኗ ቁጭ ብሎ፣ «እቴቴ፣ ስለ ነገው ፈተና ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ። ማይልኝ» ሲላት ከፈተናው ይልቅ መሐላው የከበዳት።

«ለሠርካለምም?» አለች። ሠርካለም አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ናት።

«ይልቁንም ለሠርካለም።»

ካሰች ወደ ጣራ ገዳም አቅጣጫ ቀና ብላ ማለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፍም የጎረሰች መሰላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓለምነው ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። የኮምፒውተር ትምህርት ጨርሶ ሦስት ዓመት እዚያው ወረታ የሰው ስልክ ሲጠግን ከቆየ በኋላ አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ቀጠረው። ሥራው የሩቅ አገር ሰዎች ኮምፒውተራቸው ሲያስቸግራቸው በኢንተርኔት ገብቶ መላ መምታት ነው። ድርጅቱ ታዲያ አንድ ሕግ አለው። እስከ ግንቦት መጨረሻ የሙያ ብቃት የምስክር ወረቀት ያመጣ ሠራተኛ ከቤቱ ሆኖ ይሠራል፤ ያላመጣ አዲስ አበባ ቢሮ ገብቶ ሰው እያየው ይሠራል። የፈተናውን ወጪ ድርጅቱ አንዴ ይችላል። ሁለተኛ ዕድል የለም።

ካሰች ከዚህ ሁሉ የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም በትክክል ገብቷታል። ልጁ ካለፈ ወረታ ይቀራል፣ ከወደቀ ይሄዳል። እሷ አልወለደችም። ባሏ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ዓለምነውን እናቱ በሞተች በዓመቱ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከወንድሟ ከክንዴ እጅ ተቀብላ ከፎገራ ሜዳ ወደ ከተማ አምጥታ ያሳደገችው እሷ ናት። አዲስ አበባ ከሄደ ለፋሲካ ይመጣል፤ ቆይቶ ለሰው ሰርግ ብቻ ይመጣል፤ ቆይቶ ለእሷ ቀብር ይመጣል። ይህን ማንም አልነገራትም። የጎረቤቶቿን ልጆች አይታ ነው ያወቀችው።

ፈተናው የሚሰጠው እዚያው ቤት፣ በዓለምነው ኮምፒውተር ነው። ፈታኙ የት አገር እንዳለ አይታወቅም፤ በካሜራ አሻግሮ ያያል፣ በድምፅ መቀበያ ይሰማል። ሕጉ አሥራ አራት ገጽ ነው። ዓለምነው እየተረጎመ አነበበላት። ክፍሉ ውስጥ ከተፈታኙ በቀር ሰው እንዳይኖር። ከውጭም ከውስጥም የሰው ድምፅ እንዳይሰማ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ቀርቶ ውሃ እንዳይቀመጥ። ክፍሉ ውስጥ ጽሑፍ ያለበት ነገር እንዳይኖር። ተፈታኙ ከንፈሩን እንዳያንቀሳቅስ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ እንዳይነቅል፣ ከመቀመጫው እንዳይነሳ።

«ካስነጠሰውስ?»

«ስለ ማስነጠስ አይልም።»

ካሰች በጣቷ ቆጠረች። «አፍህን ዝጋ፣ አትንቀሳቀስ፣ ወዲያ ወዲህ አትይ። ልጀ፣ ይሄ ፈተና ነው ግንዘት?»

ከአሥራ አራቱ ገጽ በአንዱ ላይ የፈተናውን ምስጢር ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ክልክል ነው ይላል። ጥያቄዎቹን ማለቱ ነበር። ዓለምነው ግን ጠንቃቃ ነው፤ በጠንቃቃ ሰው እጅ የገባ ሕግ ደግሞ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ፈተና መኖሩም ምስጢር ነው ብሎ ተረጎመው። በዚያ ላይ አምና ሌላ ፈተና ሊፈተን መሆኑን ለሰፈሩ ሁሉ አውርቶ ወድቋል፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሙሉ ዳቦ ሊገዛ በወጣ ቁጥር «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ሲባል ከርሟል። ስለዚህ ዝም፣ ጭጭ።

ሰኞ ዕለት ሙከራ አደረገ። ኔትወርክ በዚያ ቤት ውስጥ ከአንድ ቦታ በቀር አይዝም፤ ቦታው የካሰች አልጋ ራስጌ ነው። ኮምፒውተሩን ይዞ ጓዳ ገባ፣ በረንዳ ወጣ፣ አንዴም አህያዋ የምታድርበት ገብቶ ሞከረ። ተመልሶ እዚያው አልጋ ራስጌ። ይህ ሲገርመው የአሸናፊ ወፍጮ ተነሳ። አሸናፊ ከቤታቸው አርባ እርምጃ ርቆ ሩዝ ይፈለፍላል፤ የእሱ ወፍጮ ሲነሳ የሰፈሩ አምፖል ሁሉ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ኔትወርክ ማከፋፈያውም ይጠፋና እንደገና ይነሳል። የኮምፒውተሩ ባትሪ ደግሞ አርጅቶ ከሩብ ሰዓት አያልፍም።

«የወፍጮውን ለእኔ ተወው» አለች ካሰች። በዚህ ዓለም እሷ የምትችለው ነገር በመገኘቱ ደስ አላት።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ቤት ማራገፍ ጀመሩ። አልጋው ወጣ፣ ቡፌው ወጣ፣ ቴሌቪዥኑ ወጣ፣ ወንበሮቹ ወጡ፣ የቀን መቁጠሪያው ከግድግዳ ወረደ። ጥግ ላይ የተደረደሩት ስድስት ጆንያ ሩዞችም ወጡ፤ ጆንያው ላይ ጽሑፍ አለበት። ዓለምነው ጆንያ ላይ የታተመ የኪሎ ልክ ለኮምፒውተር ፈተና ምን ይረዳል ብሎ አልተከራከረም። አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ቀሩ። በግቢው ውስጥ የወይዘሮ ካሰች ኑሮ ሁሉ ፀሐይ ወጣበት።

ሠርካለም በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «ካሰች፣ ምነው በደህና?»

«በደህና ነው።»

«ቤት ልታድሺ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምነው እቃ አወጣሽ?»

ካሰች አፏን ከፈተች። ጣራ ገዳም ትዝ አላት። ዘጋችው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። «አትጠይቂኝ እስቲ፣ ሠርካለም። በማርያም አትጠይቂኝ» አለች። የጆንያው አቧራ ገብቶባት ዓይኗ ደም መስሏል።

ለሠርካለም ይህ ከበቂ በላይ መልስ ነው። በእኛ አገር በማለዳ ቤት ባዶ የሚደረገው ለሁለት ነገር ነው፣ ለሰርግ ወይም ለለቅሶ። ሰርግ ከጎረቤት ተደብቆ አያውቅም።

ካሰች ቀጥላ አሸናፊ ዘንድ ሄደች። «ልጀ፣ ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ወፍጮህን ዝጋልኝ። ምክንያቱን ዛሬ አልነግርህም፤ ኋላ ትሰማለህ።»

የአሸናፊ ወፍጮ በሥራ ቀን የሚቆመው መብራት ሲጠፋ ወይም በሰፈሩ ሰው ሲሞት ነው። አሸናፊ አምፖሉን ቀና ብሎ አየው። መብራት አለ። ባርኔጣውን አወለቀ። «ለዚህማ ምን ይጠየቃል እቴ ካሰች» አለ በለሆሳስ፣ ወረፋ የያዙትንም ሰዎች በእጁ ዝም አሰኘ። ካሰች ትሕትናው ገረማት። ይህን ያህል ጨዋ ሰው በጩኸቱ ስታማው መኖሯን እያዘነች መርቃው ተመለሰች።

ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ፈታኙ መጣ። መጣ ማለት በኮምፒውተሩ ላይ ጽሑፉ ብቅ ብቅ አለ። ካሰች በበሩ ቀዳዳ ታያለች። ቤቷን እስከ ጥጋጥጉ እየበረበረ እንደምን አደራችሁ የማይል እንግዳ ገጥሟት አያውቅም። ዓለምነው ኮምፒውተሩን ተሸክሞ አራቱን ግድግዳ አሳየ፣ ጠረጴዛውን ከላይም ከሥርም አሳየ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን አሳየ፣ ጆሮውን እንኳ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዙሮ አሳየ።

ድንገት ቆመ። «እቴቴ» ብሎ ጠራት።

«ምን አለ?»

«ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ሰዎች አሉና ይውጡ ይላል።»

«የት?»

«ከበስተኋላየ። ሁለት ሰዎች። አንደኛው ፈረስ ላይ ነው ይላል።»

ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ሁለተኛው የካሰች ሟች ባል ነው። ሕጉ ጽሑፍ ነው እንጂ ሥዕል አይልም ብላ ጠዋት ሙጭጭ ብላ ያስቀረቻቸው እሷ ናት። ሰማዕቱን ተሳልማ ወደ ጓዳ አገባችው። የባሏን ፎቶ ግን ጓዳ ጭስ ስላለ በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ግቢውን አቋርጣ ወደ ሩዝ ማስቀመጫው ክፍል ወሰደችው። አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ ከዚህ ቤት ሁለተኛ ጊዜ መውጣቱ ነው። ይህን ስታስብ እንባዋ መጣ።

ሠርካለም በአጥሩ ቀዳዳ ነጭ ነጠላውን አየች፣ የፎቶውን ማዕዘን አየች፣ እንባውን አየች። በዚያው ቅጽበት ወፍጮው ጸጥ አለ።

በኋላ እንደተሰማው ሠርካለም በሩጫ የሄደችው የእድሩ ዳኛ አቶ የሻው ዘንድ ነው። አቶ የሻው የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው፤ ወሬ አይወዱም፣ መዝገብ ይወዳሉ። ማን ሞተ ብለው ጠየቁ። ሠርካለም በመንገድ ላይ አስባ ጨርሳዋለች። የካሰች ወንድም ክንዴ ለወገቡ ሕመም ወንዛዬ ፍል ውሃ ከወረደ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ከዓርብ ጀምሮ ስልኩ አይሠራም። ከእሱ በቀር ማን ይሞታል? ካሰች ሰምታለች፣ ልጁ ግን አልሰማም፤ ለዚህም ነው ቤት ዘግታ ያስቀመጠችው። አቶ የሻው መዝገቡን ከፈቱ። ቀኑን ጻፉ፣ የአባሏን ስም ጻፉ፣ ሟች ከሚለው ፊት ለፊት ባዶ ተዉት። በዓይናቸው ያላዩትን አይጽፉም። ከዚያ እንደ መርዶ ወግ ጥሩምባ እንዳይነፋ፣ ሰው ሁሉ በዝግታና በአንድነት እንዲሄድ አዘዙ።

ካሰች በረንዳው ላይ ዶሮ የምታባርርበት ልምጭ ይዛ የበሩ ዘብ ሆና ተቀምጣለች። አንድ ሰዓት አልፏል። በቀዳዳው ስታይ ልጁ ድንጋይ ሆኖ ተቀምጧል፣ ከንፈሩ አይነቃነቅም። ወፍጮ የለም፣ ዶሮ የለም፣ መብራቱም አልጠፋም። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምታ አታውቅም፤ እሷ የሠራችው ጸጥታ ነው። አያት ለመሆን እንኳ አሰበች። ልጁ ወረታ ቀርቶ፣ ሚስት አግብቶ፣ ጆንያዎቹ የነበሩበት ጥግ ላይ አንድ ሕፃን ሲድህ ታያት።

የግቢው በር ተከፈተ። ከፊት አቶ የሻው፣ ከኋላቸው ወንዶች፣ ከወንዶቹ ኋላ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች ገቡ። ከሁሉ ኋላ አሸናፊና ሌሎች ሦስት ሰዎች የድንኳን ምሰሶና አግዳሚ ወንበር ተሸክመዋል። አርባ ሰው ይሆናል። አንድም ድምፅ የለም።

ካሰች ብድግ ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። በሌላው እጇ የተዘጋውን በር እያሳየች፣ እንዳትናገሩ፣ ስለ እግዚአብሔር እንዳትናገሩ ብላ በዓይኗ ለመነች። ሰዎቹ ተግባቡ። አወቅንልሽ፣ ልጁ አልሰማም ማለትሽ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዳንዱ ቻይነቷን አይቶ እንባው መጣበት።

አቶ የሻው ቀረብ ብለው ትከሻዋን ያዙ። «አይዞሽ» አሉ በጆሮዋ። «ለሱ ቀስ ብለን እንነግረዋለን።»

ምኑን? ልትጠይቅ አልቻለችም፤ መጠየቅ ድምፅ ነው። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች። ምሰሶውን አየች። የሠርካለም አገጭ ሲንቀጠቀጥ አየች። ከዚያ ክንዴ ትዝ አላት። ወንዛዬ፣ ሁለት ሳምንት፣ ዓርብ የተዘጋ ስልክ።

ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጩኸቷን ያዘችው። እንደ ሰው አቅም ያዘችው። ከበሩ ወዲያ ልጇ አለ፣ ከበሩ ወዲህ ወንድሟ ሞቷል፤ ለልጇ ስትል ወንድሟን ሳታለቅስለት አንድ ደቂቃ ቆየች። ሁለት ደቂቃ ግን አልቻለችም።

«ወንድም ዓለም!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። አርባው ሰው ጉሮሮውን ይዞ ሲጠብቅ ነበርና በአንድ ላይ ተቀበላት። እሷ ወንድሟን መጥራቷ ለነሱ ማረጋገጫ ሆነ፣ የነሱ ዋይታ ለሷ ማረጋገጫ ሆነ። ክንዴ በወንዛዬ ፍል ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሳለ በወረታ ሞተ።

በሩ ተበርግዶ ዓለምነው ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ማን ነው?»

«አባትህ፣ ልጀ፣ አባትህ!» አለች ሠርካለም።

ልጁ መቃኑን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። ከኋላው ኮምፒውተሩ በማያውቁት ቋንቋ አንድ ነገር ተናግሮ ዝም አለ። ማንም አልሰማውም።

ለቅሶው ትንሽ ጋብ ሲል አቶ የሻው መዝገባቸውንና እርሳሳቸውን አወጡ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚሉ ሰው ናቸው። «ለመሆኑ ክንዴ ያረፈው በስንት ሰዓት ነው፣ ካሰች?»

«እኔ በምን አውቄ ጋሽ የሻው? እርስዎ አይደሉ እንዴ መርዶውን ያመጡት?»

«እኛማ የመጣነው አንቺ አልቅሰሽ ነው።»

«እኔ ያለቀስሁት እናንተ መጥታችሁ ነው።»

አቶ የሻው ወደ ሠርካለም ዞሩ። ሠርካለም ወደ አሸናፊ ዞረች። አሸናፊ ምሰሶውን መሬት አስቀመጠ። «ወፍጮህን ዝጋ ያልሽኝ አንቺ፣ እቴ ካሰች።»

«ለፈተናው ነዋ!» አለች። መሐላው እዚያ ላይ ፈረሰ፤ መፍረሱ ለማንም በማይጠቅምበት ሰዓት።

ዓለምነው ወንዛዬ ያለ አንድ ባለ ሱቅ ጋ ደወለ። ባለ ሱቁ ወርዶ ክንዴን ጠራው። ክንዴ ስልኩን ያነሳው ተቆጥቶ ነው። «ከሙቅ ውሃ አውጥታችሁ ብርድ ልታስመቱኝ ነው? ወገቤ ገና ዛሬ ፈታ ቢልልኝ» አለ። ዓለምነው «አባባ» አለ። ካሰች ስልኩን ነጥቃ ወንድሟን በሕይወት በመኖሩ ሰደበችው።

ደስታው ልክ አልነበረውም። ዕልልታም ተሰማ። ከዚያ ዓለምነው ወደ ክፍሉ ተመልሶ ሲገባ ካሰች ተከትላው ገባች። አሁን መግባት አይከለከልም። በኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ጽሑፍ ነበር። የመጀመሪያው ከስድሳው ጥያቄ አርባ አንዱን እንደመለሰ፣ የሰው ድምፅ በመሰማቱና ከመቀመጫው በመነሳቱም ፈተናው መቋረጡን ይናገራል። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ በደረሰብዎ ሐዘን የተሰማንን እንገልጻለን፤ የቅርብ ቤተሰብ የሞተበት ተፈታኝ የሞት ማስረጃ አያይዞ ካመለከተ ያለ ክፍያ በድጋሚ ይፈተናል።

ዓለምነው ሁለት ጊዜ አነበበላትና ሳቀ። ሳቁ ካሰችን አላማራትም።

ውጭ ያለው ሰው ወዲያው አልተበተነም። ንፍሮው ተቀቅሏል፣ አግዳሚው ተዘርግቷል፤ የተቀቀለ ንፍሮ ሳይበላ ተይዞ አይኬድም። ሲቀምሱ ሲያፍሩ፣ ሲያፍሩ ሲቀምሱ ቆዩ። አንዲት አሮጊት ሲወጡ የዓለምነውን እጅ ይዘው፣ «እግዜር ያጥናህ ልጀ፤ ለፈተናው» አሉት። አሸናፊ ደግሞ ጥፋቱ ከንክኖት፣ «ጋሽ የሻው፣ የእድሩ ማኅተም አለ አይደል? ሞቷል ብለው ቢጽፉለትስ?» አለ።

«የእድሩ ማኅተም በሕይወት ያለ ሰው ላይ አያርፍም» አሉ አቶ የሻው። መዝገቡን ግን ሲዘጉት ተከፉ። ሟች የሚለው ባዶ የቀረበት ገጽ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህ ብቻ ነው።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ካሰች ግቢ ውስጥ በወጣው አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ዓለምነው ከጎኗ ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ የማመልከቻውን ቅጽ ያያል። እሷ ናት ያጠፋችው። ጫጩት እንኳ ድምፅ እንዳታሰማ ዘብ ቆማ፣ ራሷ ጮኸች።

«ሟች የሚለውን እኔን ሙላበት» አለች።

«ምን?»

«እኔን ጻፈኝ። ማስረጃውን ራሴ ቀበሌ ሄጄ አወጣዋለሁ፤ የሚያውቀኝ ሰው አለ። በዚያ አገር ማን ያውቀኛል? ማን መጥቶ ያየኛል?»

«እቴቴ፣ ተይ።»

«ምን እተዋለሁ? ከሄድህማ ምን ቀረኝ? ሞተች ብትል ሐሰት እንዳይመስልህ።»

ዓለምነው ቅጹን ዝቅ አደረገው። የቅርብ ቤተሰብ የሚባሉት ተዘርዝረዋል፤ አንዱን መምረጥ ነው። አነበበላት። አባት፣ እናት፣ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት።

ካሰች እስኪጨርስ ጠበቀች። «እኔስ?»

«አክስት የለም።»

«የለሁም?»

«የለሽም።»

ሃያ አንድ ዓመት አሳድጋ ብትሞት እንኳ የምትቆጠርበት ቦታ የለም። ካሰች ያን አገር የሚያስተዳድሩ ሰዎች ማን እንዳሳደጋቸው ለመጠየቅ ፈለገች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እናት የሚለውን ምረጠው» አለች።

ዓለምነው ጣቱን አንቀሳቀሰ። እናት የሚለውን መረጠው። ካሰች አየችው፤ ፊደሉን ባታውቀውም ምልክቱ ሲበራ አየች። ከዚያ የሟች ስም ወደሚለው ቦታ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«አልችልም» አለ። «እናትነትሽን እጽፋለሁ። ሟች በሚለው ሥር ግን ስምሽን የሚጽፍ እጅ የለኝም።»

ቅጹን አጠፋውና በደብዳቤ እውነቱን ጻፈ። ማንም እንዳልሞተ፣ ጎረቤቶቹ የቤቱን ባዶነትና ጸጥታ አይተው ሐዘን እንደመሰላቸው፣ ባዶነቱና ጸጥታውም በፈተናው ሕግ የታዘዘ መሆኑን ዘርዝሮ ላከ። በስድስተኛው ቀን መልስ መጣ። ማንም ሰው ባለመሞቱ ደስ እንዳላቸው፣ ማንም ሰው ባለመሞቱም ጥያቄውን መቀበል እንደማይችሉ ይገልጻል። ከሥሩ፣ አገልግሎታችንን እንዴት አገኙት የሚል ጥያቄና አምስት ባዶ ኮከቦች ነበሩ።

ሰኔ በገባ በሦስተኛው ቀን ዓለምነው ሄደ። ካሰች መናኸሪያ ድረስ ሸኘችው። ቆሎ ያዘችለት፣ የአንበሳሜ ማር ያዘችለት፣ አላለቀሰችም። ሰው ስንቅ ይዞ ሲሄድ ማልቀስ መንገዱን ያከብዳል። መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላም ጣቷ ሳታውቀው ከንፈሯ ላይ ነበር።

ቤት ስትደርስ በሩን ከፍታ ቆመች። አልጋዋንና ጆንያዎቹን ብትመልስም እሱ የተፈተነበትን ጠረጴዛና ወንበር ከቦታቸው አላነሳችም፤ ግድግዳውም እንደተራቆተ ነበር፤ እሰቅላለሁ እሰቅላለሁ እያለች ሰማዕቱም ባሏም እስካሁን አልተመለሱም። ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም። ድምፅ የለም። ያ ፈታኝ አሁን ቢያይ አንድ ስሕተት አያገኝበትም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ወፍጮው ቆመ። ካሰች አምፖሉን አየችው፤ በርቷል። ጥቂት ቆይቶ የግቢው በር ተከፈተ። አቶ የሻው ገቡ፣ ሠርካለም ገባች፣ አሸናፊና ሦስቱ ሰዎች አግዳሚዎቹን ተሸክመው ገቡ። ምሰሶ የለም፣ ነጠላም አልተዘቀዘቀም።

«ድንኳን ለሞተ ነው» አሉ አቶ የሻው አግዳሚው ላይ እየተቀመጡ። «ወንበር ግን ለተከፋም ይሆናል። ደግሞም ያ ገጽ ባዶ ሆኖ እንቅልፍ ነሳኝ።» መዝገቡን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በእርሳስ ጻፉ፤ ልማዳቸው ነውና የጻፉትን ጮክ ብለው አነበቡ። «ሟች፣ የለም። ለቅሶ፣ አለ።»

ሠርካለም ከጎኗ መጥታ ተቀመጠች። ካሰች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ማንም ዝም በይ ሳይላት፣ እንደ ልቧ አለቀሰች።